በጸሎት መሃል የታየ ፈገግታ

ብርቅዬን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ለዓመታት ሲያቃጥላት ኖሯል። ፒያሳ ላይ ምግብ ቤት በከፈተች ዕለት፣ የእህቷ የሙሉዬ ባል መምህር ጉልላት በእንግዳ ፊት በጣቱ ጠቆማት። «‹ስመግሊ› ማለት ይኸውላችሁ! ሰው በራሱ ረክቶ፣ ሌላውን ቁልቁል ሲያይ ነው። ብርቅዬ ስመግሊ ቆመች፤ ብርቅዬ ስመግሊ ሳቀች!» እንግዳው አውካካ። እሷ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈችም።

ዛሬ ጉልላት ታቦር ሰፈር ባለው ቤቱ፣ ከምሳ ገበታው ሥር ሞቶ ተዘርሯል።

ኢንስፔክተር ዘይነብ ሟቹ፣ ሚስቱ፣ ወንድሙና ብርቅዬ አብረው የበሉበትን ሻፌታ፣ የሸክላውን የምግብ ሳህን፣ ጎንበስ ብላ አየች። የአይጥ መርዝ ብናኝ የቀረው በሟቹ በኩል ብቻ ነው።

«የእንሰቱን ዋሳ ማን አቀረበ?»

«እኔ» አለች ብርቅዬ። «እዚሁ ፊታቸው ነው በቅቤ ያሸሁት፤ ለሁላችንም አንድ ላይ።»

«ከዚያስ?»

«ጉልላት ጸለየ። እንደ ልማዱ አስረዘመው። አሜን ብለን በላን።»

«በጸሎቱ ጊዜ ምን አየሽ?» አለቻት ሙሉዬን።

«ምን አያለሁ እህቴ? እኛ ስንጸልይ ዓይናችንን እንጨፍናለን።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ሔኖክ ግን ብርቅዬ ላይ አፈጠጠ። «እሷን መርምሯት! ወንድሜ ‹በአፌ ካቆሰልኳት እህቴ አስታርቀኝ› እያለ ሲጸልይ፣ እሷ ስመግሊ ፈገግ ትል ነበር!»

ዘይነብ ሦስቱንም ገበታው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«መርዙ ሲታሽ ገብቶ ቢሆን አራታችሁም ትሞቱ ነበር። ከአሜን በኋላ ደግሞ የሁሉም ዓይን ሻፌታው ላይ ነው። የተጨመረው በጸሎቱ መሃል ነው፤ ዓይኑን ባልጨፈነ ሰው። ሔኖክ፣ ፈገግታዋን በምን ዓይንህ አየኸው?»

ሔኖክ ወዲያው ቃሉን አጠፈ። «አላየሁም። ተናድጄ ፈጠርኩት። ፈገግ አላለችም፤ ጠይቂያት!»

«እትዬ ብርቅዬ፣ ፈገግ ብለው ነበር?»

«አላልኩም» ብትል ክብሯ ይተርፋል፤ ሔኖክም ይተርፋል። እውነቱን ግን እሷ ታውቀዋለች። ያ ኩሩ ሰው ሲለማመጣት ዓይኗን እንደጨፈነች ጣፍጧት ነበር። ይቅር ለማለት እንኳ አልቸኮለችም፤ ምሳው ይለቅ፣ ትንሽ ይለምነኝ ብላ።

ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች።

«ብያለሁ። ይቅርታ ሲለምን ስመግሊ ፈገግ አልኩበት። ሔኖክ ያየው እውነት ነው፤ ቃሉም ልክ ነበር።»

«እንግዲያ ዓይንህ ተገልጦ ነበር» አለችው ዘይነብ። አብሯት የመጣው ፖሊስ የሔኖክን ኪስ ፈተሸ፤ የመርዙ መጠቅለያ ወረቀት ተጨማትሮ ወጣ። «ቱላ ያለውን የውርስ ቦታችንን አልሸጥም ብሎኝ…» አለና ሔኖክ አንገቱን ደፋ።

ሙሉዬ እህቷን ቀና ብላ አላየቻትም። ብርቅዬ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች፤ በነጠላዋ ፊቱን ሸፈነችው።

«ይቅር ብዬሃለሁ፣ ጉልላት» አለችው። ዋሳው ቀዝቅዞ ቅቤው ረግቷል።