እማዬ ወረደች፣ መኪናው አልተነሳም

በአጭር በአጭሩ ነው የምጽፈው። ስልኩ ይከብደኛል።

የሚያውቁኝ ሁሉ "ይሄ ሰውዬ አንዱን አሥር ያደርጋል" ይላሉ። አልዋሹም። አንዴ የያዝኩትን ዓሣ በእጄ ለክቼ ላሳይ ብዬ ግራና ቀኝ የተቀመጡ ሁለት ሰዎችን ከወንበር ጥያለሁ።

ዛሬ ግን አንዲት ቁጥር አልጨምርም። የጨመርኩ የመሰላችሁ ቦታ ካለ፣ እዚያ ጋ ቀንሼ ነው።

ነገሩ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ከቤታችን በር ፊት ለፊት፣ ጎረቤታችን ልብስ እያሰጣች...

ሌሊት ቢሆን ኖሮ ቅዠት ነው ብዬ ተገላብጬ እተኛ ነበር።

መኪናዬ ነጭ ነው። ሥራ የምሄደው፣ አስቤዛ የማመጣው፣ እማዬን ሐኪም ቤት የማመላልሰው በእሱ ነው። ችግሩ የማንንም ሰው መኪና ይመስላል። ይሄ አንገበገበኝ። እኔ የማንንም መኪና የምነዳ ሰው ነኝ?

ስለዚህ ዝቅ ላስደርገው ቆረጥኩ። አጭር ሞላ፣ ሰፊ ቸርኬ፣ ሰፊ ጎማ። ሆዱ አስፋልት የሚስም መኪና!

መካኒኬን "ፕሮፌሰር" ነው የምንለው። መነጽሩ አንድ መስታወት ብቻ ነው የቀረው። በዚያች በአንዷ ግን የሞተርን ሐሳብ ያነባል።

"ያገለገለ ሞላ አለኝ" አለኝ። "አራት ፍሬ። እንዳንተ ዓይነቱ ዕብድ እስኪመጣ ነው ያስቀመጥኩት።"

መኪናው በክሪክ ተነስቶ፣ እሱ ሥሩ ተኝቶ፣ ሞላዎቹን አንድ በአንድ አቀበልኩት። ሦስቱ እንደማንኛውም ብረት ቀዝቃዛ ነበሩ።

አራተኛው... ለብ ያለ ነበር።

ሰው ተቀምጦበት አሁን እንደተነሳ ወንበር።

"ፕሮፍ፣ ይሄኛው ፀሐይ ላይ ነበር እንዴ?"

"ሁሉም አንድ መደርደሪያ ላይ ነው የከረሙት። አቀብለኝ ባክህ፣ ክንዴ ዛለ።"

የኋላ ግራ ላይ አሰረው።

የኋላ ግራ ማለት ከሹፌሩ ጀርባ ነው። የእማዬ ቦታ።

ሲጨርስ በጎማውና ጎማውን ከላይ በሚሸፍነው ፓራፋንጎ መካከል ባለው ክፍተት ጣቶቹን ሰደደ። እሱ በሜትር አይለካም፣ በጣት ነው።

"አራቱም ጋ ሦስት ሦስት ጣት። ስማኝ፣ ባዶውን ሲሆን ሦስት ነው። ሰው ሲገባ ሁለት ይሆናል። ሰው ሲወርድ ወደ ሦስት ይመለሳል። ከዚህ የተለየ ነገር ካየህ... ቶሎ ና።"

ይህቺን ንግግሩን ያዙልኝ።

ሰፈር ስገባ ሁለት መቶ ሰው ወጥቶ አጨበጨበልኝ። እሺ... ሰባት ሰው። ከሰባቱ አንዱ ነው ያጨበጨበው። አልጨምርም ብያለሁ።

እማዬ ወገቧን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ መኪና ነው ምንጣፍ?"

"እማዬ፣ የዘመኑ ነው።"

"ልግባበት ወይስ ልራመድበት?"

እማዬ ያኔ ሰማንያ ሁለት ኪሎ ነበረች። ጉልበቷን ያማታል። ሐኪሙ "ክብደት ይቀንሱ" ብሏታል፤ እሷ ደግሞ "አንተ መጀመሪያ ቦርጭህን ቀንስ" ብላዋለች። በሳምንት ሦስት ቀን ጉልበቷን እንዲያሹላት ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ። ነርሷ መጀመሪያ ሚዛን ላይ ታቆማታለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት እንመለሳለን።

የመጀመሪያው ቀን ስንመለስ፣ እማዬ ጣሪያውን ይዛ፣ እኔንም ፕሮፌሰርንም እየረገመች ወረደች። ጣቶቼን የኋላ ግራው ክፍተት ውስጥ ሰደድኩ።

ሦስተኛው ጣቴ አልገባ አለ።

አዲስ የታሰረ ሞላ ትንሽ ይቀመጣል ብዬ ተውኩት።

በሁለተኛው ጉዞ ነርሷ "ሰባ ስምንት! ጎበዝ እማማ!" ብላ አጨበጨበች። እማዬ ደስ አላት። እኔማ ደረቴን ነፋሁት። "መድኃኒቱ የኔ መኪና ነው" እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። "ገብቶ መውጣቱ ብቻ ስፖርት ነው!" ሦስት ጓደኞቼ ሚስቶቻቸውን ሊልኩልኝ ፈልገው ነበር።

በሦስተኛው... ሰባ አንድ።

ነርሷ አላጨበጨበችም።

በአራተኛው ስድሳ ሦስት። ሚዛኑን ቀየረች። አሁንም ስድሳ ሦስት። ደም ወሰዱ፣ ራጅ አነሱ፣ መረመሩ። "ምንም የለባቸውም" አሉ። ምግቧም አልቀነሰም፤ ከኔ ሰሃን ሁሉ ነው የምትበላው።

ቤት ስንደርስ፣ ስትወርድ፣ ለካሁ።

ሦስቱ ጎማዎች ጋ ሦስት ሦስት ጣት። የኋላ ግራ ላይ አንድ።

ስታጠፍ ሰፊው ጎማ ፓራፋንጎውን መፋቅ ጀመረ። ሽ... ሽ... ሽ...

በማግስቱ እማዬን ብርድ ልብስ አልብሼ፣ በሩን ዘግቼ፣ መኪናውን ብቻዬን ወደ ፕሮፌሰር ወሰድኩት። ምን እንደሆነ ሳይጠይቀኝ ሥሩ ገባ።

ትንሽ ቆይቶ ከሥር ድምፁ መጣ።

"እናታችንን አስወርድልኝ።"

"ምን?"

"ሰው ተቀምጦ ይለካል እንዴ? ከኋላ ያሉትን አስወርድልኝ።"

"ፕሮፍ..." አልኩ። "እማዬ ቤት ናት።"

መፍቻው ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ ሰማሁ።

እየተንፏቀቀ ወጣ። ተነስቶ በአንዷ መስታወት ወደ ኋላ ወንበር አየ። እኔም አየሁ።

ማንም የለም።

ወንበሩ ግን... ጎድጉዶ ነበር። ጨርቁ ወደ ታች ተወጥሮ። ልክ አንዲት ወፍራም ሴት እንደተቀመጠችበት።

"አውጣልኝ" አልኩት። "አሁኑኑ አውጣልኝ። የድሮውን ሞላ መልስልኝ።"

አወጣው። የድሮውን መለሰ። ክሪኩን ቀስ አድርጎ አወረደ። መኪናው ወረደ... ወረደ... ወረደ...

አንድ ጣት።

"ሞላው ይኸው!" ብሎ ግድግዳ ላይ ወረወረው። "ይኸው ወጥቷል! ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?"

"ከየት ነው ያመጣኸው?"

ላቡን ጠረገ። "አንድ ሰውዬ ነው ያመጣው። አራቱን ሞላ ወደ ጋራዡ ለማስገባት ግማሽ ቀን ፈጀ። አንዱን እንኳ ማንሳት አቅቶት እየጎተተ። ሰፊ ኮት ለብሷል። ኮቱ የራሱ ነው፣ ያስታውቃል... ግን የድሮ ልኩ ነው።"

"ከዚያስ?"

"ሲወጣ ሠራተኞቼ በላዩ ላይ ሊሄዱበት ነበር። እዚያው ቆሞ... አላዩትም።"

ያኔ ገባኝ።

እማዬ ትወርዳለች። ክብደቷ አይወርድም።

መኪናውን በራችን ላይ ገትሬ መንዳት ተውኩ። እማዬን በታክሲ ማመላለስ ጀመርኩ። ያ የሚያድናት መስሎኝ ነበር።

ሃምሳ ሁለት። አርባ አራት። ሠላሳ ሰባት...

መኪናው ቆሞ እየወረደ ነው።

ከአልጋ ወደ ወንበር በክንዴ አነሳኋት። ባዶ ካፖርት ያነሳሁ መሰለኝ።

"ጎበዝ ሆነሃል" አለችኝ። መሳቅ ሞከረች። "ድሮ እኔን ልታነሳ ብትል ወገብህ ነበር የሚቀነጠሰው።"

"ዝም በይ እማዬ፣ ትድኛለሽ።"

"ዛሬ ጠዋት ነፋሱ በሩን ሲዘጋው..." ብላ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች፤ "እኔንም አብሮ ገፋኝ። ለማንም እንዳትናገር።"

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። አፏ ተከፍቶ፣ ትንፋሿ ቀጭን ክር ሆኖ።

ከውጭ ሳል ሰማሁ።

ደረቅ፣ ሁለት ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ "እህህ" የሚል። አርባ ስምንት ዓመት የሰማሁት ሳል። የእማዬ ሳል።

እማዬ ከፊቴ ተኝታለች።

ድጋሚ... ከመኪናው ውስጥ።

ስወጣ ጫማ አላደረግኩም። ጎረቤቷ ልብስ እያሰጣች "ምነው በባዶ እግርህ?" አለችኝ። የኋላውን በር ከፍቼ ገባሁና የእማዬ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። በሩን ዘጋሁት።

ወንበሩ ለብ ያለ ነበር።

"ስማኝ" አልኩ። ለማን እንደምናገር አላውቅም። "እኔ ዘጠና ስምንት ኪሎ ነኝ። ለሰው መቶ ሃያ ነው የምለው፤ ዘጠና ስምንት ነው። አልዋሽህም። እሷ ሠላሳ ሰባት ቀርታለች፤ ከሷ የምታገኘው ነገር አልቋል። እናቴን መልስልኝ። ይህን መኪና ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሰው እንዲያይልኝ ብዬ። እሷ ምን አደረገች? እኔን ውሰድ... በናትህ... እኔን ውሰድ።"

አለቀስኩ። እንዴት እንዳለቀስኩ አልነግራችሁም፤ አጋነነ ትሉኛላችሁ።

ጎድጓዳው መጀመሪያ የእማዬ ልክ ነበር። ጠቦኝ ነበር።

ቀስ እያለ... ቀስ እያለ... የኔ ልክ ሆነ።

ወረድኩ።

መኪናው አልተነሳም።

በማግስቱ ጠዋት ከኩሽና በመጣ ጩኸት ነቃሁ።

"ዳቦውን ማነው የጨረሰው?! አንተ ልጅ!"

እማዬ በሁለት እግሯ ቆማለች። ጉንጯ ቀልቷል። አቅፌያት አልለቃት አልኩ። በዚያ ሳምንት አርባ ዘጠኝ፣ ስድሳ፣ ሰባ ሁለት። ነርሷ አጨበጨበች። ሐኪሙ "አይገባኝም" አለ። እኔ ጥግ ይዤ ዝም አልኩ። በሕይወቴ ዝም ያልኩበት የመጀመሪያው ቀን ሳይሆን አይቀርም።

እነሱ ሲወጡ ቀረሁና ሚዛኑ ላይ ወጣሁ።

ሰባ አንድ።

በቀጣዩ ሃምሳ። ቀበቶዬ ሁለቴ ይዞረኛል። ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ላይ ስወጣ መርፌው ለመነሳት ያመነታ ጀመር።

ይሄን እችለው ነበር። እናቴ ድናለች። ያልቻልኩት ሌላ ነው።

ሰዎች መንገድ ላይ ይጋጩኝና ሳያዩኝ ያልፋሉ። ጓደኞቼ መሐል ተቀምጬ የዓሣውን ወሬ አወራሁ። ዓሣውን ከበር እስከ በር አደረግኩት። አንድም ሰው "ኧረ ተው፣ አጋነንክ!" አላለኝም። ስለ ሌላ ነገር ማውራታቸውን ቀጠሉ።

እማዬም መጀመሪያ መቆጣት ተወች። ከዚያ ሁለት ጊዜ ካልጠራኋት አትሰማኝም። ከዚያ ሦስት ጊዜ።

አሁን ይህን የምጽፈው ከቤታችን ውጭ ነው። ስልኩን ደረጃው ላይ አስቀምጬ፣ በሁለት እጄ። በሩን ገፍቼ መክፈት አልቻልኩም።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሆነውን ልንገራችሁ።

መኪናው አጠገብ ቆሜ ነበር። የኋላ ግራው ጎማ ፓራፋንጎው ውስጥ ተሰንቅሯል። ጥፍር አያስገባም። እማዬ በሩን ከፍታ ወጣች። በደንብ ትራመዳለች፤ ጉልበቷም ተሽሏታል።

"እማዬ" አልኳት።

ቀጥ ብላ ወደ መኪናው መጣች።

"እማዬ... እማዬ!"

ቀሚሷ ነክቶኝ አለፈ። ሄዳ የኋላውን መስታወት በጣቷ ቆረቆረች።

"አንተ ልጅ፣ እስከ መቼ እዚያ ውስጥ ትጎለታለህ? ና ውረድ፣ ምሳው ቀዘቀዘ።"

መስታወቱን ደግማ ቆረቆረች።

በሩ ከውስጥ ተከፈተ።

መጀመሪያ መኪናው ተነሳ። ጎማው ሽ... ብሎ ከፓራፋንጎው ተላቀቀ። አንድ ጣት። ሁለት ጣት። ሦስት።

ከዚያ ጫማዬን አየሁት። አስፋልቱን ረገጠ። ከባድ ነበር፤ እኔ ድረስ ተሰማኝ።

ከዚያ ሱሪዬን። ቦርጬን። ትከሻዬን።

እማዬን አቀፋትና ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር አወራላት። እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ፣ አንድ ትልቅ ነገር እየለካላት።

እማዬ ከት ብላ ሳቀች።

"ኧረ ተው፣ አጋነንክ!" አለችው።

ጎረቤቷም ከልብሱ ኋላ ሆና ሳቀች።

ተቃቅፈው ወደ ቤት ሲገቡ፣ በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ተመለሰ። ጎማው አጠገብ ጎንበስ ብሎ ክፍተቱ ውስጥ ጣቶቹን ሰደደ።

ቀና አለ።

በቀጥታ እኔን እያየ... ሦስት ጣቱን አሳየኝ።