በመጨረሻው ረድፍ የተጠቀለለው ሸራ

ሃርላን ፍሪስ በባለ ጎማ ቤቱ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። እግሩ ወደ በሩ ነው። ከጎኑ ተጎታች ቤት ከመኪና ጋር ሲያያዝ የሚያገለግል ከባድ የብረት ዘንግ ወድቋል። ከኋላው አንድ ጊዜ ብቻ ተመትቷል፤ እሱም በቅቶታል። ሃርላን በበረሃው የተጎታች ቤቶች ሰፈር የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነበር። የአንዱን የአበባ ማሰሮ ከመስመር ወጣ ብሎ ሲያስነሳ፣ የሌላውን ውሻ ጮኸ ብሎ ሲከስ ስለ ኖረ፣ መሞቱ ሲሰማ የደነገጠ እንጂ ያዘነ ሰው አልታየም።

መርማሪ ዶሎሬስ ኪንታና የዚያው የአሪዞና በረሃ ልጅ ናት። ከሰሜኑ በረዶ እየሸሹ በየዓመቱ ለብርዱ ወራት ቤታቸውን እየጎተቱ የሚወርዱትን ጡረተኞች ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃቸዋለች፤ አትወዳቸውም። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ካርታ ይጫወታሉ፣ አብረው ይጨፍራሉ፤ ጀርባ ሲዞር ግን በሐሜት አጥንት አያስቀሩም። እነሱም ስለ እሷ ያላቸው አስተያየት ከዚህ የተሻለ አልነበረም።

«አለቃ፣ ይሄ እንኳን የሚያደክም አይደለም» አላት ሳጅን ቶቢን በሩ ላይ ተቀብሎ። «ገዳይዋ ሚስቱ ቨርና ናት። ምሳ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ ‹ይህን ነገር በአደባባይ ብታነሳው እቀብርሃለሁ› ብላዋለች። ነገሩ ምን እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ በሰፈሩ አዳራሽ ካርታ ጨዋታው ላይ ከሁሉ ዘግይታ መጣች።»

«ጨዋታ ላይ ከነበረች መቼ ገደለችው?»

«ከጨዋታው በኋላ ነዋ። መሃል ላይ የአሸዋ ንፋስ ተነሣ። ንፋስ ሲነሣ እነዚህ ሰዎች የሚያደርጉትን ያውቃሉ።»

ኪንታና ታውቃለች። በየቤቱ ግንባር ላይ የተዘረጋ የሸራ ጥላ አለ። ንፋስ ከገባበት ሸራው ብቻውን አይሄድም፤ ግድግዳውንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው አቧራ እንደ ታየ ካርታ የያዘ ካርታውን፣ ማንኪያ የያዘ ማንኪያውን ጥሎ ይሮጣል። የጎረቤቱ ሸራ ተዘርግቶ ካየም ሳይፈቀድለት ገብቶ፣ ከበሩ ውስጥ ያለውን የኤሌክትሪክ ቁልፍ ተጭኖ ይጠቀልልለታል። ቀን ቀን በር የማይቆለፈው ለዚህ ነው። በሰፈሩ ሌላው ደንብ ሁሉ ይጣሳል፤ ይህ ግን ተጥሶ አያውቅም።

«ይኸው የሃርላን ሸራ ተጠቅልሏል» ቀጠለ ቶቢን። «ስለዚህ ንፋሱ ሲነሣ ሰውየው በሕይወት ነበረ፤ ራሱ ነው የጠቀለለው። ሸራ ሊሰበስቡ የወጡት ተመልሰው ከተቀመጡ በኋላ እስከ ጨዋታው መጨረሻ ከአዳራሹ ንቅንቅ ያለ የለም። ቀድማ ወደ ቤት የገባችው ቨርና ናት፤ አገኘሁት ብላ የጮኸችውም እሷ።»

«ንፋሱ ሲነሣ እሷ ወጥታ ነበር?»

«ከወንበሯ አልተነሣችም። ‹እሱ ቤት ነው፤ ካልሰበሰበው ይገንጠልበት› አለች። ሁሉም ሰምቷታል።»

«እንዲህ ብላ ከሆነ ደግ ነው» አለች ኪንታና። ቶቢን ደግነቱ የቱ ላይ እንደሆነ አልገባውም።

ጎንበስ ብላ ሬሳውን አየች። የሃርላን ጀርባና ሽበት በቀጭን ቀይ አቧራ ተሸፍኗል። ጠረጴዛው ላይ የተጀመረው ኬክም፣ ምድጃውም፣ መነጽሩም እንዲሁ። መስኮቶቹና የጣሪያው መተንፈሻ ወለል ብለው ተከፍተዋል። ሬሳውን ሲያነሡት ግን ከሥሩ ያለው ወለል አሁን የታጠበ ሳህን ይመስል ነበር።

ከዚያ ወደ ውጭ ወጣች። በመጨረሻው ረድፍ ላይ ያሉት ቤቶች ሦስት ብቻ ናቸው። ከአዳራሹ ስትመጣ መጀመሪያ ሎይድ አሙንድሰን የሚባለው የካናዳ ሽማግሌ፣ መሃል ላይ ማርጆሪ ስትሮ እና ባሏ ዱዌን፣ ከሁሉ ጫፍ የፍሪስ ቤት። የሎይድ ሸራ በሥርዓት ተጠቅልሏል። የፍሪሶችም እንዲሁ። የመሃለኛው ግን ተቀዳዶ ተንጠልጥሏል፤ የተጣመመው የብረት ክንዱ ግድግዳውን እየደበደበ ነው። ኪንታና ቆማ አየችውና ወደ አዳራሹ ሄደች።

«ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ቨርናን ወደ ከተማ እወስዳታለሁ» አላት ቶቢን ከኋላዋ።

«ካቴናህን አትጣደፍበት» አለችው።

መጀመሪያ ሎይድን በአዳራሹ ወጥ ቤት አነጋገረችው። አገጩን አሹሎ ተቀመጠ።

«ንፋሱ ሲነሣ የት ሄዱ?»

«ካርታዬን ጥዬ ሮጥሁ። ሩጫ ካልሽው ነው እንግዲህ፤ ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ሸራዬን ጠቀለልሁና ተመለስሁ።»

«ወደሌሎቹ ቤቶች አልሄዱም?»

«ማርጆሪ እንደ ኮረዳ እየበረረች አልፋኝ ሄደች። እሷ ካለች ምን አስጨነቀኝ? አቧራው እጅን እንኳ አያሳይም ነበር። ቆየት ብላ መጣችና ‹ሁሉም ተሰብስቧል፣ ተመስገን› ብላ ተቀመጠች። ያን ዙር ደግሞ ጠርጋ በላችን።»

«ሃርላንን ይጠሉት ነበር?»

«የማይጠላው ካለ አምጪና አሳዪኝ። የገደለችው ግን ሚስቱ ናት። ምሳ ላይ ዓይኗን ብታዪው እንዲህ አትጠይቂኝም ነበር።»

ማርጆሪ ባሏን በክንዱ ይዛ ገባች። ዱዌን ግዙፍ፣ ንጹሕ፣ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነው።

«አቶ ዱዌን፣ ዛሬ ምሳ ምን በሉ?» አለችው ኪንታና።

«በአይብ የተጋገረ ድንች» አለች ማርጆሪ።

«ሃርላንን አይተውት ነበር?»

«ጠዋት በሩቁ» አለች ማርጆሪ።

«ቤትዎ ከሦስቱ የትኛው ነው?»

«መሃለኛው» አለች ማርጆሪ።

«የጠየቅሁት እሳቸውን ነው።»

«ጆሮው ከባድ ነው፤ አይፍረዱበት።»

በዚህ መሃል ከወጥ ቤቱ በር ውጭ አንዲት ሴት ብርጭቆ በቀስታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ዱዌን ዞር ብሎ አየ። ኪንታናም አየችው።

«ሸራችሁ ተቀዷል» አለች።

«አዎ፣ ስደርስ ንፋሱ ወስዶት ነበር። ምን ላድርግ?» ማርጆሪ ተነፈሰች። «እኔ ሰው ማማት አልወድም፤ ግን ቨርና መቼም ሰውየውን ወድዳው አታውቅም።» ማማት የማትወደው ሴትዮ የቨርናን ትዳር ከሠርጉ ጀምራ እስከ ምሳው ድረስ አወራችው።

ቨርና በአዳራሹ አልፋ ስትገባ ሰላምታ የሰጣት አልነበረም። ትናንት አብረዋት የጨፈሩት ሴቶች ወንበራቸውን ራቅ ራቅ አደረጉ። እሷ ደረቷን ነፍታ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀመጠች።

«ከምሳ በኋላ የት ነበሩ?»

«ልብስ ማጠቢያው ዘንድ። ብቻዬን። ምስክር የለኝም።»

«ጠቡ ስለምን ነበር?»

«የባልና የሚስት ነው።»

«ወይዘሮ ቨርና፣ ሳጅኑ ካቴና ይዞ ደጅ ቆሟል። ካልነገሩኝ ቀሪውን ዕድሜዎን እስር ቤት ሊጨርሱ ነው።»

ቨርና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «የእኔ ቢሆን እነግርሽ ነበር» አለች። «የሌላ ሰው ነው።»

ኪንታና ከዚህ በላይ አልጠየቀቻትም። ወጥታ ሁሉንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲቀመጡ አዘዘች። ሌሎቹ ነዋሪዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፤ ፊታቸው ላይ የዘገየ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች ትዕግሥት ማጣት ነበረ።

«ምን ይጠበቃል?» አለ ሎይድ። «ውሰጃትና እንገላገል።»

«የምወስደው ሰው አለ» አለች ኪንታና። «መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ንገሩኝ። ንፋስ ሲነሣ ቤቱ ያለ ሰው ቀድሞ ምን ያደርጋል?»

«መስኮት ይዘጋል» አለች ከግድግዳው በኩል አንዲት አሮጊት። «መስኮቱንና የጣሪያውን። ከዚያ ነው ሸራ።»

«የሃርላን መስኮቶች ሁሉ ክፍት ናቸው። አቧራው ጀርባው ላይ አለ፤ ከሥሩ የለም። ማለት ንፋሱ ሲነሣ ወድቆ ነበር። የሞተ ሰው ሸራ አይጠቀልልም። እንግዲህ የጠቀለለው ሌላ ሰው ነው። ቁልፉ ደግሞ ከበሩ ውስጥ ነው። ሬሳው እግሩ ሥር ተኝቶ ሳለ እጁን አስገብቶ ቁልፉን ተጫነ፤ ሸራው እስኪጠቀለል ቆመ፤ ከዚያ መጥቶ ካርታውን አነሣ።»



«ምነው ይህን ያህል ለሃርላን ሸራ ተጨነቀ?» ብሎ ቶቢን ጠየቀ።

«ለሸራው መች ሆነ። ሸራ ተዘርግቶ ቢገረፍ እዚህ ሰፈር ዝም ብሎ የሚያልፍ አለ? አንዱ ጎረቤት ይሮጥና በሩን ይከፍታል፤ ሬሳው ገና እንደ ሞቀ ይገኛል። ሸራው ከተጠቀለለ ግን በሩን የሚነካ የለም። ሃርላን በሕይወት ያለ ይመስላል፤ ኋላ የሚያገኘው ደግሞ የተጣላችው ሚስቱ ብቻ ናት። አንተም እንዲሁ ነው ያሰብኸው።» ቶቢን አንገቱን አከከ። «አሁን ቨርናን ተመልከቱ። ገዳይዋ እሷ ብትሆን፣ ሸራው ተዘርግቶ ሬሳው በሩ ላይ ሆኖ፣ ‹ይገንጠልበት› ብላ ቁጭ ትላለች? ከሁሉ ቀድማ ትሮጥ ነበር። እናንተ የከሰሳችሁባት ንግግር ነው ነፃ የሚያወጣት።»

ቨርና ዓይኗን ጨፈነች።

«ወደ መጨረሻው ረድፍ የሮጡት ሁለት ሰዎች ናቸው» አለች ኪንታና። «ሎይድ የራሱን ጠቀለለ፤ ጉልበቱም ከዚያ አላሳለፈውም። ማርጆሪ አልፋው ሄደች፤ ቆይታም ተመለሰች። ታዲያ የማርጆሪ ሸራ ተቀዳዶ ተንጠልጥሏል፤ ከእሷ አልፎ ያለው የሃርላን ሸራ ግን በደኅና ተሰብስቧል።»

«ስደርስ ተቀዶ ነበር ብያለሁ» አለች ማርጆሪ።

«ለእኔ አሁን ነው ያሉኝ። ለእነሱ ያኔ ‹ሁሉም ተሰብስቧል› ነው ያሏቸው። ሸራዋ ተቀዶ ያየች ሴት መጥታ ታለቅሳለች፣ ወንዶቹን ትጠራለች፤ ተቀምጣ ካርታ አትጫወትም። ለአንድ ሸራ ብቻ የሚበቃ ጊዜ ነበርዎት። ሰው ከራሱ ሸራ አስቀድሞ የሚያድነው የትኛውን ነው? ከኋላው ሬሳ ያስቀመጠበትን።»

ሎይድ ወንበሩን ከማርጆሪ ወንበር አራቀ። ማርጆሪ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«ምን አጣልቶን ልገድለው?»

«ባለቤትዎ ጆሯቸው ደኅና ነው፤ ብርጭቆ ሲቀመጥ ይሰማሉ። መልሱ ነው ከአእምሯቸው የጠፋባቸው። በሰፈሩ ደንብ ራሱን ችሎ መኖር ያልቻለ ሰው እዚህ አይቀመጥም። ሃርላን ደንብ ያስከብር ነበር።» ወደ ቨርና ዞረች። «አሁንስ ይነግሩኛል? የሌላ ሰው ያሉት ጉዳይ ከእንግዲህ የተደበቀ አይደለም።»

ቨርና ማርጆሪን ብቻ እያየች ተናገረች። «ጠዋት ዱዌን የእኛን ቤት የራሱ መስሎት ገባ። አልጋችን ላይ ተኝቶ ሃርላን አገኘው። እራት ላይ ለሁሉ እናገራለሁ፣ እስከ እሑድ ይወጣሉ አለ። በሰሜን ያለውን ቤታችሁን መሸጣችሁን አውቃለሁ። መሄጃ የላቸውም አልሁት። ሳቀብኝ። እቀብርሃለሁ ያልሁት ለዚህ ነው።»

ማርጆሪ ወደ ቨርና ዞረች።

«ለእኛ ብለሽ ነው?» አለች። «አንቺ?»

«አዎ፣ እኔ።»

«ከምሳ በኋላ ጠርቶ ሲነግረኝ ለምኜው ነበር» አለች ማርጆሪ። «ተንበርክኬ ለመንሁት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ኬኩን መብላት ቀጠለ። ዘንጉ በሩ ሥር ነበር። ከዚያ ወዲያ... ጥርጣሬው አንቺ ላይ ይሆናል ብዬ አሰብሁ። መቼም አትወጂንም ብዬ።»

«አልወድሽም» አለች ቨርና። «አንቺን ለመርዳት መውደድ አያስፈልገኝም ነበር።»

ቶቢን የቨርናን ወንበር አልፎ ሄደና ማርጆሪን በክንዷ ይዞ አስነሣት። ማርጆሪ ወደ ባሏ ልታጎነብስ ስትል ዱዌን እጇን እንደ እንግዳ እጅ በትሕትና ጨበጠ። ያኔ ነው ያለቀሰችው።

መኪናው ከሄደ በኋላ ሎይድ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ወደ ቨርና ቀረበ። «እንግዲህ ቨርና... ሰው ይሳሳታል። ብንተወው ይሻላል።»

«ሬሳውን ካገኘሁበት ሰዓት ጀምሮ እስር ቤት ስታስገቡኝ ነው የዋላችሁት» አለችው። «ባሌ ሞቷል፤ አንዳችሁም እጄን አልያዛችሁም። ውጣ ሎይድ። ሌሎቻችሁም ውጡ።»

ወጡ። በሩ ላይ የቀሩት ኪንታናና ቨርና፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ዱዌን ነበሩ።

«የእሳቸው ልጅ ነገ ትመጣለች፤ ደውለንላታል» አለች ኪንታና። «እስከዚያ ሰው ልላክ?»

«የማያውቀው ሰው ምን ያደርግለታል? እኔ አለሁ» አለች ቨርና። ወንበር ስባ ከዱዌን አጠገብ ተቀመጠች።

«ማርጅ የት ሄደች?» አላት ዱዌን።

ቨርና መዋሸት ትችል ነበር፤ ደከማት። «ፖሊስ ወሰዳት ዱዌን። ዛሬ አትመጣም» አለችው። ሽማግሌው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ፤ እሷም የራሷን ሟች ገና ሳታለቅስ የእሱን ጀርባ አሻሸችለት። ቆይቶ እንባውን ጠረገ፣ አዳራሹን ዙሪያውን አየ፣ ፈገግ አለላት።

«ማርጅ የት ሄደች?» አላት።