ሙሉ ነጥብ ያገኘው አልጋ

ኢንስፔክተሯ ሆስፒታሉ ስትደርስ ግቢው ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። የአጥሩ ብረት፣ የአበባው መደብ ድንጋይ፣ የዛፎቹ ግንድ ሳይቀር ነጭ ተቀብቷል። ኢንስፔክተሯ ለእንግዳ የተኳለ ቤት አትወድም። ሃያ ዓመት ስትመረምር የተማረችው ነገር ቢኖር፣ ሰው ቀለም የሚቀባው ለሚታየው ብቻ መሆኑን ነው።

የተጠራችበት ጉዳይ አልቆ የቀረበ ይመስላል። ትናንት የጥራት ገምጋሚዎች ሆስፒታሉን ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ሲያዩ ቆይተው ሄዱ። ሰባት ሰዓት ላይ፣ ስድስተኛው አልጋ ላይ የተኙት እማማ አዋላጅ ሞተው ተገኙ። እማማ በዚሁ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት አዋልደው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ በእሳቸው እጅ ያልተወለደ ሰው ቢገኝ የከተማው ሰው «አንተማ መጤ ነህ» እያለ ይቀልድበታል። የገቡት በሳንባ ምች ነበር፣ በኦክስጅን እየተረዱ እየተሻላቸውም ነበር። ቻርታቸው «6:30 መርፌ ተሰጥቷል» ይላል፤ ከጎኑ የተረኛዋ ነርስ ስም ተጽፏል። ልጅቷ ከተመረቀች ገና ስምንት ወሯ ነው። ሌሊቱን ጣቢያ አድራለች፤ ከሰዓት በኋላ ሰው በመግደል ተጠርጥራ ፍርድ ቤት ትቀርባለች።

ኢንስፔክተሯ ወደ ሆስፒታሉ ከመምጣቷ በፊት ጣቢያ ጎራ ብላ ነርሷን አነጋግራ ነበር።

«መርፌ አልሰጠሁም» አለች ልጅቷ። ለቅሶ ድምፅዋን ዘግቶታል። «ስድስት ሰዓት ተረኛ ሆኜ ስገባ መጋረጃቸው ተዘግቷል። አለቃችን ሲስተር ‹ተኝተዋል፣ እንዳትቀሰቅሻቸው› አለችኝ። ሰባት ሰዓት ላይ ‹በይ አሁን እያቸው› ስትለኝ ገባሁ። እጃቸውን ስይዘው በረዶ ነው።»

«ታዲያ ስምሽን ቻርቱ ላይ ማን ጻፈው?»

«እኔ አልጻፍኩም። ማን ያምነኛል?»

የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ሐኪም ነው። ገምጋሚ ለመቀበል ያሰረውን ክራባት ዛሬም አልፈታውም።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና እማማ አንዳንድ መድኃኒት እንደማይስማማቸው አይናገሩም ነበር» አለ። «ነርሷ ግን መጠየቅ ነበረባት። ሰነድ ሰነድ ነው፤ መርፌ ወሰዱ፣ በግማሽ ሰዓት ሞቱ።»

«ግምገማውስ እንዴት ሆነ?»

ፊቱ በራ። «ዘጠና አንድ! ከሰማንያ በላይ ላገኘ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ክፍል ይሠራለታል። እዚህ አገር ምጥ የጠናባት ሴት ሦስት ሰዓት በመኪና ነው የምትሄደው፤ ስንቷ መንገድ ላይ ቀርታለች መሰለዎት!»

ይህን ሲል አልዋሸም። ኢንስፔክተሯ እውነት ስትሰማ ታውቃለች፤ የከነከናትም ይኸው ነበር። ገምጋሚዎቹ የሞሉት መጠይቅ ቅጂ እንዲሰጣት ጠይቃ፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በታካሚዎቹ ክፍል ሜትሮኗ ጠበቀቻት። ነርሶቹን ሁሉ የምትመራ፣ ሁሉም «ሲስተር» የሚላት ሴት ናት። ዓይኗ አብጧል።

«ሲስተር፣ የቻርቱ ጽሑፍ የእርስዎ ነው?»

«ለገምጋሚ ንጹሕ እንዲሆን ሁሉንም የምገለብጠው እኔ ነኝ። ልጆቹ የነገሩኝን ነው የምጽፈው።»

ኢንስፔክተሯ ቻርቱን ገለበጠችው። ከጀርባው የትኩሳቱ፣ የትንፋሹና የደም ግፊቱ ልክ እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ተሞልቷል።

«እሰይ፣ እማማ ከሞቱ በኋላ ትኩሳታቸው ወርዶላቸዋል» አለች።

ሜትሮኗ የአልጋውን ብረት ጨብጣ ያዘች።

ኢንስፔክተሯ አላስጨነቀቻትም። የመድኃኒት ቁም ሳጥኑን አስከፈተች፤ የስድስተኛው አልጋ የ6:30 መርፌ እንደታሸገ ተቀምጧል። ቀጥላ ከአልጋው ራስጌ በባለጎማ ጋሪ የቆመውን ትልቅ የኦክስጅን ሲሊንደር ዞረችው። ገምጋሚዎቹ ባዩት ዕቃ ሁሉ ላይ ክፍሉንና ሰዓቱን የጻፉበት ትንሽ ወረቀት ለጥፈዋል። በሲሊንደሩ ፊት «የተኝቶ ታካሚ ክፍል፣ 5:15» ይላል። ግድግዳው በኩል ግን ሌላ ወረቀት ተፍቆ፣ ሙጫው ላይ ቁራጩ ቀርቷል፤ «ድንገተኛ... 4:10» የሚለው ይነበባል። ኮሪደሩን አቋርጣ ድንገተኛ ክፍል ገባች። እዚያ ሲሊንደር የሚባል ነገር የለም፤ ወለሉ ላይ የጋሪው ጎማ ዱካ ብቻ ይታያል።

ጽዳት ሠራተኛዋን ከመታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ አገኘቻት።

«እትዬ፣ ሬሳውን ያነሱት እርስዎ ነዎት?»

«እኔና ዘበኛው ነን። ሰባት ተኩል ቢሆን ነው።»

«ክንዳቸው ይታጠፍ ነበር?»

«እንቢ አለን እንጂ! አገጫቸውም እንዲሁ። ስንት ሬሳ አንስቻለሁ፣ አሁን የሞተ ሰው እንዲያ አይደርቅም።»

«ምነው ታዲያ ዝም አሉ?»

«ማን ጠየቀኝ? እኔን የሚጠይቁኝ ወለሉ ጸድቷል ወይ ብለው ብቻ ነው።»

አምስት ሰዓት ላይ ኢንስፔክተሯ ሦስቱንም በስድስተኛው አልጋ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ዳይሬክተሩ ሰዓቱን ያያል፤ ሜትሮኗ ወለሉን ታያለች፤ ጽዳቷ በሩ ጥግ ቆማለች።

«እማማን መርፌ አልገደላቸውም» ብላ ጀመረች። «መርፌው ታሽጎ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ቻርቱ ላይ የተጻፈው ከጠዋት ነው፤ ያልሞላ ቻርት ነጥብ ስለሚያስቀንስ የቀኑ ሥራ ሁሉ ገና ሳይሠራ ተመዝግቧል። ነርሷም ያልሰጠችው መርፌ ባለዕዳ ሆነች።»

«ግምት ነው» አለ ዳይሬክተሩ።

«ይሁን። ሰባት ሰዓት ላይ ልጅቷ ስትነካቸው በረዶ ሆነዋል፤ ሰባት ተኩል ላይ ክንዳቸው ደርቋል። ስድስት ተኩል ላይ በሕይወት የነበረ ሰው እንዲያ አይሆንም። የሞቱት ነርሷ ወደ ሥራ ከመግባቷ በፊት ነው። በምን ሞቱ? ዶክተር፣ ይህ ሆስፒታል ስንት ሲሊንደር አለው?»

ሐኪሙ ክራባቱን ፈታ አደረገ።

«አንድ» አለች ጽዳቷ ከበሩ ጥግ።

«አንድ። መጠይቁ ደግሞ ‹ኦክስጅን አለ ወይ?› ይላል እንጂ ‹ስንት አለ?› አይልም። ስለዚህ አንዱ ሲሊንደር ገምጋሚዎቹን እየቀደመ ክፍል ለክፍል ዞረ። 4:10 ድንገተኛ ክፍል ታየ፣ 5:15 እዚህ ታየ። በመካከሉ እማማ ያለ አየር ቀሩ።» ከቦርሳዋ መጠይቁን አወጣች። «ገምጋሚዎቹ እዚህ ሲደርሱ ምን እንደጻፉ ላንብብላችሁ። ‹አልጋ ስድስት። ታካሚዋ ተኝተዋል። ቻርት የተሟላ። ኦክስጅን አለ። ሙሉ ነጥብ።›» ወረቀቱን አልጋው ላይ ጣለችው። «የገመገሙት ሬሳ ነው።»

ያኔ ሜትሮኗ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

«አሥር ደቂቃ ብዬ ነው» አለች። «እማማን ለምኛቸው ነው የወሰድኩት። ‹ውሰጂው ልጄ› አሉኝ። ‹ስንቷን እናት በመኪና ሸኝቼ ሬሳዋን ተቀብያለሁ። ኦፕራሲዮን ክፍል ከመጣልን እኔ ለአሥር ደቂቃ ብዬ አልሞትም› አሉኝ። እኔንም እኮ ያዋለዱኝ እሳቸው ናቸው!» በመዳፏ አፏን ሸፈነች። «ሰዎቹ ግን አልወጣ አሉ። ሲሊንደሩ አጠገብ ቆመው ይጠይቃሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። በፊታቸው እየገፋሁ ብወጣ ‹ወዴት ነው?› ይሉኛል። ስመለስ እማማ አልፈዋል። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ።»

«መጋረጃውን ማን ዘጋው?»

ሜትሮኗ ወደ ዳይሬክተሩ ተመለከተች።

«እኔ ነኝ» አለ እሱ። «የሞተውን መመለስ አይቻልም። የሚመጣውን ማዳን ይቻል ነበር።»

«ልጅቷንስ? እሷን በማን ሂሳብ ሸጣችኋት?»

«እኛ አልከሰስናትም። ወረቀቱ ከሰሳት። እኛ ዝም ብቻ ነው ያልነው።»

«አዎ፣ ዝም አይነቅዝም ብላችሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። ከክፉ ሰው ጋር ብትጣላ ይቀላት ነበር።

«ኢንስፔክተር» አለ ሐኪሙ፣ አሁን እንደ ዳይሬክተር አልነበረም፣ «እኔን ይሰሩኝ። ግን ይህን በጽሑፍ ካሰፈሩት ዘጠና አንዱ ይሰረዛል። ኦፕራሲዮን ክፍሉ ይቀራል። እማማ በከንቱ ሞቱ ማለት ነው። ‹ልባቸው ደከመ› ብለው ቢጽፉ ልጅቷም ትፈታለች፣ እናቶቹም ይድናሉ። ማን ይጎዳል?»

ኢንስፔክተሯ መጠይቁን ከአልጋው አንስታ ‹ሙሉ ነጥብ› የሚለውን እንደገና አነበበችው፤ ያቀረበው ነገር ጨርሶ የማይረባ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልቆየች።

«ለውሸት የተሰጠ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥም ሲሊንደሩ አንድ ነው የሚሆነው» አለች በመጨረሻ። «እየገፋችሁ ታዞሩታላችሁ።»

እዚያው፣ የእማማ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ያገኘችውን ሁሉ ጻፈች። ሁለቱም ፈረሙ። ሜትሮኗ ስትፈርም የተገላገለች ትመስል ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ጣቢያው የነርሷን በር ከፈተ። ኢንስፔክተሯ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረቻት። ልጅቷ ነጭ ገዋኗን ከወንበሩ ላይ አነሳች፣ አጠፈችው፣ እንደገና ዘረጋችው።

«ግምገማውን አልፈን ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ዘጠና አንድ አግኝታችሁ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ።

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። «እህቴ ወሯ ገብቷል» አለች። «ምጧ ከመምጣቱ በፊት መኪና ልፈልግላት።»

ገዋኗን በክንዷ ይዛ ወጣች።