ዩምና ያልሰጠችው ፈቃድ

በ፲፱፻፺፮ ዓመተ ምሕረት የኅዳር ወር ሲጋመስ፣ ከጅማ ወደ ሸቤ የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙ በቀይ እሸት ቡና ተሸፍኖ ነበር፤ ሆኖም ለቃሚው ጥቂት፣ ገበያውም ቀዝቃዛ ነበር። የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ከወደቀ ዓመታት አልፈው ስለነበር፣ በየደጁ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ጀንፈል ቡና ነጋዴው እያየ ያልፈው ነበር፤ አባቶቻቸው የተከሉትን ቡና ነቅለው በቦታው ጫት የሚተክሉ ገበሬዎችም ብዙ ነበሩ። በዚያው ዘመን በሀገሪቱ ሌላም ነገር ይለወጥ ነበር፤ ስለ ጋብቻና ስለ ፍቺ አዲስ የቤተሰብ ሕግ ወጥቶ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በአዋጅ ቆመው፣ በትዳር ላይ የመፍረድ ሥልጣን የማን ነው የሚለው ጥያቄ ከምክር ቤት እስከ ሻይ ቤት ይነሣ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን የፈቀደው ተከራካሪዎቹ ሁሉ ሲፈቅዱ ነው፤ ነገር ግን ያ ፈቃድ በቃል ይሁን በዝምታ ብሎ የሸቤን ሴቶች ጠይቆ የሚያውቅ አልነበረም።

ወይዘሮ ባህሪያ ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ነበሩ። ባላቸው በወጣትነቱ ስለሞተባቸው፣ አንዲት ልጃቸውን ዩምናን ያሳደጉት ቅቤ እየሸጡ ነው፤ በጭንቀት አሳደጉአት፣ በጭንቀትም ዳሩአት። ዩምና ያገባችው ሙሐመድሳኒ የሚባል፣ ከሸቤ ዳር ቤትና የቡና መሬት ያለው፣ ቁጣው ቶሎ የሚነድና ቶሎ የሚበርድ ሰው ነበር። የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ፣ እንደ አካባቢው ልማድ ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት ሄደች፤ በዚያም ፊርዶስን ወለደች። ፊርዶስ አንገቷን ሳታቀና ሙሐመድሳኒን የወባ በሽታ ጣለውና በክረምቱ መካከል ሞተ።

ሐዘኑ ሳይበርድ የሟቹ ታላቅ ወንድም ሀቢቡላህ ተነሣ። "ወንድሜ ይህችን ሴት በሕይወቱ ሳለ ፈትቷታል፤ ወደ እናቷ ቤት የሄደችው ልትወልድ ሳይሆን ተፈትታ ነው" አለ፤ የሰሙ ምስክሮችም አሉኝ ብሎ ጉዳዩን በጅማ ከተማ ወደ ነበረ አንድ የሸሪዓ ችሎት አቀረበ። ሀቢቡላህ ገበያው ያስጨነቀው እንጂ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቡናውን ነቅሎ ጫት ሊተክል ያሰበበት መሬት የወንድሙ ነበር። ዩምና ባሏ ሲሞት ሚስቱ አልነበረችም ከተባለ፣ ከቤቱ ትወጣለች፤ የፊርዶስንም ድርሻ የሚያስተዳድረው አጎቷ ይሆናል። ሚስቱ ነበረች ከተባለ ግን ቤቱና ቡናው በእናትና በልጅ እጅ ይቆያል። ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህ ላይ ነበር።

ለቀጠሮው ወደ ጅማ በሚሄዱበት ጠዋት ወይዘሮ ባህሪያ የልጃቸውን ሻሽ እያስተካከሉ መከሩአት። "በትልልቅ ሰዎች ፊት ነው የምትቆሚው። ስለ ትዳርሽ ሲጠይቁሽ አንገትሽን ድፊ። አፍ የምታበዛ ሴት ፈት ትመስላለች።"

ይህን ምክር ወይዘሮ ባህሪያ ከእናታቸው፣ እናታቸውም ከእናታቸው የወረሱት ነበር። በኒካሕ ዕለት ምስክሮች ወደ ጓዳ ገብተው ሙሽራዪቱን ፈቃዷን ሲጠይቁ፣ በደንብ ያደገች ልጅ ፊቷን ሸፍና ዝም ትላለች፤ አሮጊቶቹም ዝምታዋን ተቀብለው እልል ይላሉ። ዩምናም በሠርጓ እንዲሁ አድርጋ ነበር።

በችሎቱ ወንበር የተቀመጡት ሼህ አብዱልሃዲ፣ መንግሥታት ሲለዋወጡ የቃዲ ወንበር አንዴ ሲከበር አንዴ ሲረሳ ያዩ ሽማግሌ ነበሩ። ከሳሹን ከሰሙ በኋላ ወደ ዩምና ዞሩ።

"ልጄ፣ ይህን ክርክር በዚህ ችሎት ብንመለከተው ፈቃድሽ ነው ወይ?"

ዩምና አንገቷን ደፋች።

"ተናገሪ እንጂ" አላት ጸሐፊው።

የእናቷ ምክር በጆሮዋ ነበርና ዝም አለች።

"ዓይነ አፋር ናት፤ ዝምታዋ ፈቃዷ ነው" አለ ሀቢቡላህ። "በኒካሕዋ ዕለትም እንዲሁ ነበረች፤ ጓዳ ድረስ ገብቼ የጠየቅኋት እኔ ነኝ።"

ጸሐፊው ፈገግ ብሎ ፈቅዳለች ሲል ጻፈ፤ በደጅ ብዙ ባለጉዳይ ይጠብቅ ስለነበር ሼህ አብዱልሃዲም አለፉት። ዋናው ምስክር ቀርቦ ሟቹ በቁጣ "ፈትቻታለሁ" ሲል መስማቱን ተናገረ፤ ችሎቱም ለውሳኔ ተቀጠረ።

ወይዘሮ ባህሪያ ሸቤ ተመልሰው ውኃ ቀድተው ሲገቡ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ጎረቤታቸው ወርቅዬ፣ በርበሬ ነጋዴና ሬዲዮዋን ከጆሮዋ የማትለይ ሴት፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አሻግራ ጠየቀቻቸው።

"እትዬ ባህሪያ፣ እንዴት ሆነላችሁ?"

"ምን ይሆንልናል። ምስክር ተሰማብን። ለፍርድ ቀጠሩን።"

"ልጅቱ በቃዲ ልዳኝ ብላ ፈቅዳ ነው?"

"ምን ፈቃድ አለ? ጠየቁአት፣ ዝም አለች።"

"ዝም ብላ ነው የፈቀደችው?" ወርቅዬ ሳቀች። "እኔ ዝም ያልኩት ሁሉ ፈቃድ ቢሆን ኖሮ ይሄን ጊዜ ስንት ባል በነበረኝ። እትዬ፣ በሬዲዮ ሲከራከሩበት ሰንብተዋል እኮ። ሁለቱም ወገን ካልፈቀደ ጉዳዩ የወረዳው ፍርድ ቤት ነው፤ ቃዲው አይነካውም።"

ወይዘሮ ባህሪያ የተሸከሙትን የውኃ ጀሪካን መሬት ላይ አስቀመጡት። ልጃቸውን ዝም ያሰኟት እርሳቸው መሆናቸው በዚያች ሰዓት ገባቸው፤ ከጀሪካኑ አጠገብ ተቀምጠው፣ የመጣው ይምጣ እንጂ ዩምና ትናገራለች ብለው ቆረጡ።

በቀጠሮው ቀን ውሳኔው ሳይነበብ ወይዘሮ ባህሪያ ከኋላ ወንበር ተነሡ።

"ቃዲያችን፣ አንድ ነገር ልናገር ይፍቀዱልኝ።"

"እመት፣ ባለጉዳይዋ ልጅዎ ናት" አሉ ሼህ አብዱልሃዲ በትሕትና። "እርሷ ትናገር።"

ዩምና ፊርዶስን ለእናቷ አቀበለችና ቆመች።

"ባለፈው ጊዜ ሲጠይቁኝ ፈቅጃለሁ አላልኩም፤ ዝም ነው ያልኩት። ስለ ትዳር ስጠየቅ ዝም እንድል ነው ያደግሁት። ፈቃዴ አልነበረም።"

"ወላሂ ይሄ ጨዋታ ነው!" አለ ሀቢቡላህ። "ምስክር ከተሰማ በኋላ? ለኒካሕ የበቃ ዝምታ ለችሎት እንዴት አይበቃም? ቃዲያችን፣ ይሄ ወንበር በአንዲት ሴት ቃል ከተነቃነቀ ነገ ማን ያከብረዋል?"

ሼህ አብዱልሃዲ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ወንበሩ እንዲከበር ዕድሜ ልካቸውን የደከሙ ሰው ነበሩና፣ የሀቢቡላህ ቃል ልባቸውን እንዳልነካ መናገር አይቻልም።

"ኦቦ ሀቢቡላህ" አሉ በመጨረሻ፣ "አንተ ጓዳ ገብተህ ስትጠይቃት ልጃገረድ ነበረች። ሸሪዓችን የልጃገረድን ዝምታ የተቀበለው ለኀፍረቷ አዝኖ ነው። ባል ያየችን ሴት ግን ያለ ቃሏ ማንም አይዳራት ብሏል። ለመዳር ቃሏ ካስፈለገ፣ ትዳሯ ነበረ አልነበረም ለሚለው ክርክር እንዴት አያስፈልግም? የሀገሩ ሕግም ከዚህ የተለየ አይልም። ጸሐፊውን አትዩት። ያለፍኩት እኔ ነኝ።"

"እንግዲያ ፈረዱላት ማለት ነው።"

"አልፈረድኩላትም። ሚስት ነበረች አላልኩም፤ አልነበረችምም አላልኩም። ያልኩት፣ ይህን ለመናገር እስካሁን ሥልጣን አልነበረኝም ነው። የሰማነው ምስክርነት እንዳልተሰማ ይቆጠራል።"

"ሥልጣን የሌለው ቃዲ ምን ይሠራል?"

"የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ይጠራል" አሉ ሼህ አብዱልሃዲ፤ በችሎቱ የነበሩት ሳቁ፣ ሀቢቡላህም ሳይወድ በግድ ከንፈሩ ፈታ አለ።

ከዚያ ወደ ዩምና ተመልሰው፣ "የወረዳው ፍርድ ቤት ደጅ ክፍት ነው፤ ወደዚያ ብትሄጂ የሚቀየምሽ የለም። እዚህ መዳኘት ከመረጥሽ ግን መጥተሽ በአንደበትሽ ንገሪን። ዛሬ አትመልሺ፤ ሂጂና አስቢበት" አሉአት።

እናትና ልጅ በጅማ መርካቶ በኩል፣ በእህልና በጫት ጫኝ ጋሪዎች መካከል እየተሹለከለኩ ወደ አውቶቡሱ ሄዱ። ወይዘሮ ባህሪያ መንገዱን ሙሉ አልሐምዱሊላህ ሲሉ ቆይተው፣ አውቶቡሱ ውስጥ ሲቀመጡ ጭንቀታቸው ተመለሰ።

"ነገ በጠዋት ወረዳው ጋ እንሄዳለን። ወርቅዬ ታሳየናለች።"

ዩምና ልጇን እያጠባች ወደ እናቷ ዞረች። "አዮ፣ እኔ ወደ ቃዲው ልመለስ ብያለሁ።"

"አብደሻል እንዴ? ያ ምስክር እኮ አለ!"

"ምስክሩ ወረዳም ይመጣል። አዮ፣ ሰውዬው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሥልጣን የለኝም አለ። ያልሰጠሁትን አልወስድም ያለ ሰው፣ ብሰጠው አይጫወትብኝም።"

"ቢፈርድብሽስ?"

"ያኔ ተጠይቄ ይሆናል የተፈረደብኝ።"

ወይዘሮ ባህሪያ ልጃቸው እንደዚህ ረጅም ነገር በአንድ ጊዜ ስትናገር ሰምተው አያውቁም ነበር፤ ፈሩ፣ ደግሞም ደስ አላቸው፤ ሁለቱ ስሜቶች እስከ ሸቤ ድረስ አብረዋቸው ተጓዙ።

ዩምና ተመልሳ በችሎቱ ፊት "በዚህ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ፈቅጃለሁ" ስትል፣ በደጅ የተቀመጡት ባለጉዳዮች ሁሉ ሰሙአት። ምስክሩም እንደ አዲስ ቀረበ፤ ሙሀጅር የሚባል፣ የሟቹ ጎረቤት፣ እውነት ተናጋሪ ገበሬ ነበር።

"ፈትቻታለሁ ሲል ሰምተሃል?" አሉት ሼህ አብዱልሃዲ።

"ኤዬ፣ ሰምቻለሁ። ተቆጥቶ፣ አንዴ።"

"ያኔ እርጉዝ ነበረች?"

"ሆዷ ገፍቶ ነበር።"

"ከዚያ በኋላ፣ ሳትወልድ፣ ወደ አማቱ ቤት ሲሄድ አይተኸዋል?"

ሙሀጅር ሀቢቡላህን ቀና ብሎ አየውና መልሶ አንገቱን ደፋ። "በየጁምዓው ሥጋ ይዞ ይሄድ ነበር። ወዴት ነው ስንለው፣ ወደ ሚስቴ ነው፣ በቁጣ የተናገርኩትን ትቼዋለሁ ይለን ነበር።"

"ይህን ለምን ባለፈው አልነገርከንም?"

"አልጠየቃችሁኝማ፣ ቃዲያችን።"

ሼህ አብዱልሃዲ ፍርዱን በአጭሩ ተናገሩ፤ ቁጣው እውነት ነው፣ ቃሉም ተነግሯል፤ ነገር ግን አንዴ የተፈታች እርጉዝ እስክትወልድ ድረስ ባሏ ሊመልሳት ይችላል፤ ሙሐመድሳኒም ሳትወልድ በሰው ፊት መልሷታል፤ ስለዚህ ዩምና ባሏ በሞተ ዕለት ሚስቱ ነበረች። ሀቢቡላህ ይግባኝ ትላለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ራሱን እየነቀነቀ፣ "ምስክሩን ትራንስፖርት ከፍዬ ያመጣሁት እኔ፤ በማን ላይ ይግባኝ እላለሁ?" አለ። በዚያው ሳምንት ለፊርዶስ አንዲት ባለ ጫጩት ዶሮ ይዞ መጣ፤ ስለ ጫቱ ዳግመኛ አላነሣም።

ወይዘሮ ባህሪያ ሊያመሰግኑ ሲሄዱ ሼህ አብዱልሃዲን ከመስጊድ ሲወጡ አገኙአቸው።

"ስለ ፍርዱ አይደለም የመጣሁት" አሉ ወይዘሮ ባህሪያ፣ መሬት መሬት እያዩ። "ልጄን ስለጠየቁልኝ ነው። እኔ እናቷ፣ ስድራት እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።"

"እኔም በመጀመሪያው ቀን ጠየቅሁ እንጂ መልሷን አልጠበቅሁም" አሉ ሼሁ። "ልጅዎ ባትናገር ኖሮ በዚያ ስሕተት እሞት ነበር። አመስጋኙ እኔ ነኝ።"

ያ ዘመን ያለፈው ብዙ ወረቀት ትቶ ነው። በየምክር ቤቱ የተደረገው ክርክር ተጽፏል፤ ፍርድ ቤቶች በሴቶች ትዳር ላይ ከሥልጣናቸው አልፈዋል አላለፉም ብለው የተሟገቱ ሰዎች ስምም ይገኛል፤ የቡና ዋጋ የወደቀበትና የተነሣበት ወር ሳይቀር ተመዝግቧል። የዩምና ጉዳይ ግን በየትኛውም መጽሐፍ አልገባም፤ ያላግባብ የተፈረደባት አልነበረችምና የሚከራከርባት አልተገኘም፤ ቃዲውም ያልነበራቸውን ሥልጣን ስላልተጠቀሙበት ማንም አልከሰሳቸውም፣ ማንም አላወደሳቸውም። ከዚያ በኋላ ከሸቤ ወደ ፍርድ የሄዱ ሴቶች አንዳንዶቹ ወደ ወረዳው፣ አንዳንዶቹ ወደ ቃዲው ሄደዋል፤ የሚበዙት በአፋቸው ተናግረው ነው የሄዱት፤ ይህንንም የቆጠረ የለም። ሼህ አብዱልሃዲ ካረፉ በኋላ ወይዘሮ ባህሪያ ከሶላት በኋላ ለሙታን ዱዓ ሲያደርጉ፣ ከአባታቸውና ከእናታቸው ስም ቀጥሎ የቃዲውን ስም ይጠሩ ነበር፤ ታሪክ ያልያዘው ስም ለብዙ ዓመታት የኖረው በእርሳቸው አንደበት ነው።