ቀድሞ የተሰጠ ኮኮናት

ለባሕር ኮኮናት በሚወረወርበት በዓል ዋዜማ ማዕበሉ የራያጂን ሬሳ ዳር አወጣው። ራያጂ ጋልባት የሚሏት ፈጣን ትንሽ የጦር መርከብ አዛዥ ነበር። አናቱ ተፈንክቷል፤ ወገቡ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ ተበጥሶ ቀርቷል።

መርማሪው ትሪምባክ ፓንት ከምሽጉ ተጠርቶ ሲደርስ የመርከቧ መድፈኛ ባልታዛር ታስሮ፣ መስቀያው ተተክሎ ጠበቀው። ሰው ሲደነግጥ ጣቱን ባዕድ ላይ ለመቀሰር አይዘገይም።

«ሲገድል ማን አየው?»

«ማየት ምን ያደርጋል ጌታው?» አለ መሪ ጨባጩ ጎማጂ። «ሬሳው ጥልቁ ላይ ነው የተጣለው። ክረምቱ አልፎ ከእኛ ከባሕርተኞቹ ጎሳ ለባሕር ኮኮናቷን ሳይሰጥ የሚወጣ ኮሊ አለ? ይሄ ከጎዋ የመጣ ክርስቲያን እንጂ!»

«መቅዘፊያ ጨብጬ አላውቅም!» ጮኸ ባልታዛር።

«አንተ ደግሞ አፍህን ዝጋ!» አለው ሸራ አሳዳሪው ፓንዱ።

ራያጂ በጠፋበት ዕለት ጋልባቷ ዘንድ የነበሩት እነዚህ ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ ጎማጂና ፓንዱ ኮሊ ናቸው። ትሪምባክ ዳር ዳሩን ሲሄድ አረም ውስጥ አንድ ኮኮናት አገኘ፤ ለባሕር እንደሚሰጥ ሁሉ ቀይ ዱቄት ተቀብቷል። ልብሱ ውስጥ ደበቀው። ስቅላቱን ብቻ ለነገ አሳደረው።

በማግስቱ ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቁሮ ሕዝቡ ዳር ቆመ። ሁሉም ኮኮናቱን ወረወረ።

«ጎማጂ፣ ያንተስ?» አለ ትሪምባክ።

«ረሳሁት ጌታው።»

«ሠላሳ ዓመት ያልረሳኸውን?» ትሪምባክ ያገኘውን አወጣ። «ገዳዩ ሬሳውን ይዞ ከመውጣቱ በፊት ይህን ለባሕር ሰጥቷል። ባልታዛር ባሕርን እንዲህ አይፈራም። ስለዚህ ገዳዩ ኮሊ ነው። ኮሊ ደግሞ በዓመት አንዴ ብቻ ይሰጣል፤ መድገም ባሕርን መናቅ ነው። ፓንዱ አሁን ወረወረ። አንተ ባዶ እጅህን መጣህ።» አዲስ ኮኮናት እጁ ላይ አኖረለት። «ዋሸህ ካልከኝ ወርውር።»

ጎማጂ እጁን አነሳ። ውሃውን አይቶ መልሶ አወረደው፤ ኮኮናቱ እግሩ ሥር ወደቀ።

«ራያጂ ዓይንህ ደክሟል፣ መሪውን ለፓንዱ ስጥ አለኝ» አለ እያለቀሰ። «ከመሪው ሌላ ምን አለኝ?»

ፓንዱ አንገቱን ደፋ። ባልታዛር ሲፈታ ይቅርታ የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም።

«ስቀሉኝ» አለ ጎማጂ፣ ጀርባውን ለባሕሯ ሰጥቶ፤ «ብቻ እሷ ውስጥ አትጣሉኝ።»

ከባልታዛር በፈቱት ገመድ አሰሩት።