ጄቤዝ ኦግደን በከንፈሩ የተናገረ ቀን

ሄስተርን ፍርሃት የያዛት ገና ከጠዋቱ ነው። አባቷ አሞስ የአጃ ገንፎውን እየበላ፣ ቀና እንኳ ሳይል ተናገራት።

«ስሚ አንቺ ልጅ። ከዚያ ሰውዬ ጋር ከታየሽ ሰኞ ዕቃችን መንገድ ላይ ነው። ቤቱ የፋብሪካው ነው፤ እናትሽ ደግሞ ደረቷን ታማለች። በዚህ ብርድ የት ልወስዳት ነው?»

«እኔ ምን አደረግሁ አባባ?»

«ምንም። ምንም እንዳታደርጊ ነው የምልሽ።»

አሞስ በሃርልደን ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ሸምኖ አለቃ የሆነ ሰው ነው። «ያ ሰውዬ» ያለው ጄቤዝ ኦግደንን ነው፤ ለለንደን ፓርላማ የሚወዳደረውን የሠራተኞች ዕጩ።

ከአራት ዓመት በፊት የጄቤዝ የሽመና መኪና ከሄስተር ፊት ለፊት ነበር። በዚያ ሁሉ የመኪና ጩኸት መሃል ጆሮ ዋጋ ስለሌለው፣ ሸማኔ የሚነጋገረው ያለ ድምፅ፣ ከንፈሩን አጉልቶ እያንቀሳቀሰ ነው። ሁለቱም እንዲያ እያወሩ ተዋደዱ። አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ድምፁን ብትሰማ ቀጭን ሆነባትና ሳቋ አመለጣት።

«በከንፈርህ ይሻልሃል» ብትለው እስከ ጆሮው ቀላ።

በኋላ ሠራተኛ አሳደምክ ተብሎ ተባረረ። የሸማኔዎች ማኅበር ጸሐፊ አደረገው፤ አሁን ደግሞ ዕጩ። ከዚያ ወዲህ የሚገናኙት ተደብቀው ነው።

ቅዳሜ ስለነበር ፋብሪካው እኩለ ቀን ላይ ቆመና ሸማኔው ሁሉ ጄቤዝ ንግግር ወደሚያደርግበት አዳራሽ ጎረፈ። ሄስተርም ከሰዉ ጋር ተቀላቅላ ገባች። የፋብሪካው ባለቤት እንዲረብሹ ደወልና መጥበሻ ያስያዛቸው ሰካራሞች ቀድመው ቦታ ይዘዋል። ባለፈው ሳምንት በጎረቤት ከተማ የሌላ ዕጩ ጭንቅላት ተፈንክቷል።

ጄቤዝ መድረኩ ላይ ወጥቶ አፉን ሲከፍት ደወሉም መጥበሻውም ፉጨቱም አንድ ላይ ፈነዳ። አንድ ጡብ በጆሮው አጠገብ አልፎ ግድግዳው ላይ ተሰበረ።

«ውረድ፣ ጄቤዝ! ይገድሉሃል!» አለች ሄስተር በልቧ።

አልወረደም። ትንሽ ቆሞ ሕዝቡን አየ። ከዚያ ድምፁን ተወና በከንፈሩ መናገር ጀመረ።

ሰካራሞቹ የተሸነፈ መስሏቸው ባሰባቸው። ሸማኔዎቹ ግን አንገታቸውን አስግገው ዝም አሉ። ክሩ እንዳይበጠስ ተብሎ ስለሚለቀቀው እንፋሎት፣ በእንፋሎቱ ደረታቸው ስለተበላ እናቶች ሲናገር አንድም ቃል አላመለጣቸውም።

«ይደውሉ! እጃቸው እስኪዝል ይደውሉ!» አለች ከሄስተር ጎን የቆመች አሮጊት፣ እንባዋን እየጠረገች።

ጄቤዝ ሲጨርስ ዓይኑ ሄስተር ላይ አረፈ።

«ፈርቻለሁ፣ ሄስተር» አለ ከንፈሩ። «ባሸንፍም ብሸነፍም ታገቢኛለሽ?»

ይህ ሞኝ ሰው! እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ሁሉ ሸማኔ ፊት ይጠየቃል? አዳራሹ በሙሉ ወደ እሷ ዞረ። በሩ አጠገብ አባቷ ከፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ጎን ቆሟል። ሥራ አስኪያጁ የሸማኔ ቋንቋ አያውቅም፤ ሰው ሁሉ የሚያየው ማንን እንደሆነ ግን ገብቶታል። ወደ አባቷ ጎንበስ አለ። ሄስተር ከሩቅ ከንፈሩን አነበበች።

«ልጅህን ምን አላት?»

አሞስ ልጁን አሻግሮ አያት። እናቷ፣ ቤቱ፣ ብርዱ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣባት። ምንም አላላትም በል አባባ፣ ስትል በልቧ ለመነች፤ ወዲያው ደግሞ እንዲያ እንዳይል ፈራች።

አባቷ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ላግባሽ ነው ያላት ጌታዬ» አለ ከንፈሩ። «አሁን ከፊቴ ዞር ይበሉልኝ፤ የልጄን መልስ ልይ።»

ሄስተርን ፍርሃቱ አልለቀቃትም። ቢሆንም በከንፈሯ «እሺ» አለች።