ከአል ሙዋሌህ እስከ ግራር አምባ

ዘቢባና ሙኒብ የተዋወቁት ኮምፒውተር በመበላሸቱ ነው።

ዘቢባ የወሎ ልጅ ናት፤ ሙስካት ውስጥ አል ሙዋሌህ በሚባል ሰፈር፣ ኢብቲሳም የምትባል ኦማናዊት ቤት ተቀጥራ ትኖር ነበር። ሙኒብ ደግሞ የደሴ ልጅ ሲሆን፣ እዚያው ሙስካት፣ አል ኹዌር ካለ መሥሪያ ቤት በኮንትራት የሚሠራ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። በዕረፍት ቀኑ ዓርብ ዓርብ በየሰው ቤት እየዞረ ይጠግናል።

የዚያን ዕለት ዘቢባ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ከኢብቲሳም ትንሽ ልጅ ከሂዳያ ጋር ተቀምጣለች። ኹብዝ የሚሉትን ቂጣ እየቆረሰች ግማሽና ሩብ ታስተምራታለች። ልጅቷ ስትሳሳት አትቆጣም። ቁራሾቹን መልሳ ትገጣጥምና «ያላ፣ እንደገና» ትላታለች።

የተበላሸውን የቤቱን ኮምፒውተር ሊጠግን የመጣው ሙኒብ ካቻቢቴውን እንደያዘ ፈዞ ቀረ።

«አስተማሪ ነበርሽ እንዴ?» አላት በአማርኛ።

ደንግጣ ቀና አለች። «ኧረ አይደለሁም! ቲቸር ከበደ እንዲህ ነበር የሚያስተምሩን።»

«የት?»

«ግራር አምባ። አታውቀውም፤ ከደሴ መኪና ይዘህ፣ ከዚያ በእግር ነው።»

ኢብቲሳም ራሷ ተራራ ሥር ባለች መንደር የተማረች ሴት ናት። የሚያወሩትን ዘቢባ በዓረብኛ ስትነግራት ፈገግ አለች። ከዚያ በኋላ ሙኒብ በዓርብ ብቅ ሲል፣ በረንዳው ላይ እሷም ባለችበት እንዲጫወቱ ፈቀደችላቸው።

«እኛ ክፍል ሰማንያ ነበርን» አላት አንድ ዓርብ። «ለዓመታት ያስተማረኝ ሰውዬ መንገድ ላይ ቢያገኘኝ አያውቀኝም።»

«እኛ ዘንድማ መደበቂያም የለ!» ሳቀች። «ከቀረሁ ቲቸር ከበደ ወንዙን ተሻግረው ቤት ድረስ ይመጣሉ። ‹ዘቢባ ምን ሆነች?› ብለው ከአባቴ ጋር ቁጭ ነው። ውሃ ስንቀዳ እናረፍድ ስለነበር ወላጆች ተሰብስበው የጠዋቱን ደወል አዘገዩልን። ከፍ ስንል ደግሞ ትንንሾቹን ፊደል የምናስቆጥረው እኛ ነን። ክፍሉንም ቢሆን አባቶቻችን ናቸው ድንጋይ ተሸክመው የሠሩት።»

«ታዲያ ምነው ወጣሽ?»

ዓይኗ ወደ መንገዱ ሄደ።

«ዐሥረኛ ጨርሼ፣ ለመምህርነት አልፌ ነበር። አባቴ ታመመ። ታናናሾቼም ነበሩ።»

ሙኒብ ያላየውን ትምህርት ቤት ይናፍቅ ጀመር። ሳምንቱ ረዘመበት። የናፈቀው ትምህርት ቤቱን ይሁን እሷን ለመለየት ሞክሮ ተወው።

ጎኑ የተባለው ማዕበል ሙስካትን ሲመታ ስልክ ተቋረጠ። አል ኹዌር ጎርፍ ገባ፤ መኪናዎች በውሃ ተንሳፈፉ። ሙኒብ ውሃው ጎደል እንዳለ ከፊሉን በእግሩ፣ ከፊሉን በሰው ፒካፕ ሄዶ አል ሙዋሌህ ደረሰ። በሩን የከፈተችው ዘቢባ ናት። እስከ ወገቡ ጭቃ ነው።

«አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ሌላ ቃል አልወጣትም።

«ዘቢባ፣ እንጋባ። አል ኹዌር ቤት እከራያለሁ። ኢቃማሽንም፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ እኔ አስጨርሳለሁ።»

እንባዋን በሻርፗ ጠረገች።

«ከማዕበሉ በፊት ቲቸር ከበደ ከተማ ወርደው ደውለውልኝ ነበር። መምህራን ከተማ እየተዛወሩ ክፍሉ ባዶ ሊቀር ነው አሉ። ‹የመንደሩ ልጅ ናት የምትቆይልን፣ መጥተሽ ማሠልጠኛ ግቢ› አሉኝ። አባቴም ድኗል።»

«እኔስ?»

«አብረን እንሂድ።»

«መብራት በሌለበት አገር እኔ ምን እሠራለሁ? እናቴም ያለእኔ ደጋፊ የላትም።»

«አውቃለሁ» አለች በቀስታ። «እወድሃለሁ፣ ሙኒብ። ግን ቲቸር ከበደ እኔን ፍለጋ ወንዝ ባይሻገሩ ኖሮ ዛሬ ማን ነበርኩ?»

ኮንትራቷ ሲያልቅ ሲብ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኛት። ሻንጣዋን ሲያቀብላት እጃቸው ተነካካ። ሁለቱም ፈጥነው አላነሱም።

ዘቢባ ሠልጥና ግራር አምባ ማስተማር ጀመረች። መንደሩ ውስጥ ስልክ ስለማይሠራ በገበያ ቀን ከተማ ወርዳ ትደውልለታለች። ስለ ትዳር አያነሱም። እሱ የሚጠይቃት ስለ ተማሪዎቿ ነው፦

«አሚናት ማንበብ ጀመረች?»

«ጀመረች! አሁንማ እናቷን ታስጠናለች።»

«የሀኒፋ እግርስ?»

«እየተሻላት ነው። ጓደኞቿ ናቸው እየተፈራረቁ አዝለው የሚያመጧት።»

ከዚያ ወሬው ያልቃል። አንዳቸውም ግን ስልኩን አይዘጉም። ሙኒብ ከቢሮው መስኮት ባሕሩን እያየ ይቆያል፤ ዘቢባም በገበያተኛው መሃል ቆማ ትንፋሹን ታዳምጣለች። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

አንድ የበጋ ጠዋት ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ልጆቹ ተንሾካሾኩ። ዞር ስትል ሙኒብ አቧራ ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። ትምህርቱን ግን አላቋረጠችም።

«ገብተህ ተቀመጥ» አለችው።

ከልጆቹ መሃል ተጣቦ ተቀመጠ። ዕረፍት ሲደወል ሁሉም ወጡ።

«ፈቃድህ ስንት ቀን ነው?» ጠየቀችው፤ መልሱን ፈርታዋለች።

«ፈቃድ አይደለም። ኻላስ፣ ጨርሼ መጣሁ። ደሴ ኮምፒውተር የማስተምርበት ሥራ አግኝቻለሁ።»

«ደሴም እኮ ሩቅ ነው።»

«ከሙስካት ይብሳል?»

ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ።

አባቷ ዘንድ ሽማግሌ ሆነው የሄዱት ራሳቸው ቲቸር ከበደ ናቸው። ኒካሁ በመውሊድ ሰሞን ታሰረ። ሙኒብ ሳምንቱን ደሴ እያስተማረ፣ ዓርብ ከሥራ በኋላ ወደ ግራር አምባ ይመጣል። እሁድ እስከ መኪና መንገዱ ትሸኘዋለች፤ መኪናው ከዓይኗ እስኪጠፋም አትመለስም።

ሰኞ ጠዋት ክፍል ስትገባ ልጆቹ ፊቷን አይተው ያውቁባታል።

«ጋሼ ሙኒብ ሄዱ?»

«ይመጣሉ» ትላቸዋለች፤ ከእነሱ ጋር እሷም ዓርብን ትጠብቃለች።